ገንዳው ከቁለተይን ይበልጣል፤ ታዲያ መታጠቡ ለምን?

በመዋኛ ገንዳ በር ላይ የሚለጠፈው ሕግ አጭር ነው። ሳይታጠቡ አይግቡ፣ ተቅማጥ የያዘው አይግባ፣ ልጆችን ብቻቸውን አይተዉ፣ የዋና ልብስ ይልበሱ። በብዛት የሚጣሰው የመጀመሪያው ነው። «ለመታጠብ አይደል እንዴ የምገባው?» የሚል ሰው አይጠፋም።

ፊቅህ የቀመሱ ወጣቶች ደግሞ «ውኃው ከቁለተይን በላይ ስለሆነ ችግር የለውም» ይላሉ። ነገሩ መሠረት አለው። በሻፊዒይ መዝሀብ ውኃ ሁለት ቁላ ከደረሰ፣ ቀለሙ ወይም ጣዕሙ ወይም ሽታው በነጃሳ እስካልተለወጠ ድረስ አይነጀስም። ሁለት ቁላን ብዙዎች በዛሬ ስፍር ወደ 200 ሊትር ገደማ ያሰሉታል። 25 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር አማካይ ጥልቀት ያለው ገንዳ ደግሞ 450 ሺህ ሊትር ይይዛል።

ይህ ብይን ግን ስለ ጡሃራ እንጂ ስለ ጤና አይናገርም። ውኃው ጣሂር ነው ማለት የሰው ዓይን አያቃጥልም፣ የልጅ ሆድ አያሳምምም ማለት አይደለም። ደግሞም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል። ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። ኢማም ነወዊ የቆመው ውኃ ብዙ ቢሆንም እንኳ በውስጡ መሽናት የተጠላ እንደሆነ፣ «ሐራም ነው» ቢባልም ሩቅ እንደማይሆን ጽፈዋል። ሙስሊም በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ጀናባ ያለበት ሰው በቆመ ውኃ ውስጥ ገብቶ እንዳይታጠብ ታዟል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) «ታዲያ እንዴት ያድርግ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ እየጨለፈ እንዲታጠብ ነበር ያመለከቱት። የሌላውን ሰው ውኃ መጠበቅ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም።

አሁን ወደ ክሎሪኑ እንምጣ። ገንዳው በኃይል ሲሸት ብዙ ሰው «ክሎሪን አብዝተውበታል» ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። ክሎሪን ከላብ፣ ከሽንትና ከሰውነት ቅባት ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ውህድ ይፈጥራል፤ ያ የሚወጋ ሽታ የእርሱ ነው። ዓይን የሚያቀላው፣ አስም ያለበትን ሰው የሚያስለውም እርሱ ነው። ጀርም እንዲገድል የተጨመረው ክሎሪን የእኛን ላብ ሲታገል ያልቃል ማለት ነው። ከመግባት በፊት አንድ ደቂቃ ብቻ ሻወር መውሰድ አብዛኛውን እድፍ ያስወግዳል። ቅባትና ሽቶ የተቀባ ሰውማ ትንሽ ቢቆይ ይሻላል።

የክሎሪኑ መጠን ትክክል ሲሆን አብዛኛው ጀርም በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ተውሳክ ግን ክሎሪን ባለበት ውኃ ውስጥ ከ7 ቀን በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ልጅዎ ተቅማጥ ካለበት፣ የቱንም ያህል ቢያለቅስ ገንዳ አይግባ። ሕመሙ በዚህ ተውሳክ የመጣ ከሆነ ተቅማጡ ካቆመ በኋላም 2 ሳምንት ይጠበቃል። የዋና ዳይፐር ጀርሙን አያግድም። ዳይፐር የለበሰውን ሕፃን በየሰዓቱ እያወጡ ማየት፣ ሲቀይሩለትም ከገንዳው ዳር ራቅ ማለት ያስፈልጋል።

የልብሱን ጉዳይ በተመለከተ እህቶቻችን በር ላይ ሲመለሱ እንሰማለን። እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። የጥጥ ጀለቢያ ወይም ቲሸርት ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ዋናተኛውን ይጎትታል፣ ክሩም እየተበጠሰ ፊልተር ይደፍናል። ይህን መከልከል ምክንያት አለው። ከናይለንና ከፖሊስተር የተሠራ ገላ የሚሸፍን የዋና ልብስ ግን ጨርቁ ከማንኛውም የዋና ልብስ ጋር አንድ ነው፤ በንጽሕና ስም መከልከሉ አያስኬድም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በስልክ ይጠይቁ፣ ለሴቶች ብቻ የተመደበ ሰዓት መኖሩንም ያጣሩ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። የሚሰጥም ልጅ ብዙ ጊዜ አይጮህም፣ እጁንም አያውለበልብም። አፉ ከውኃው በላይና በታች እያለ፣ ያለ ድምፅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊሰጥም ይችላል። በክንድ ላይ የሚታሰር የሚነፋ ላስቲክ መጫወቻ እንጂ ሕይወት አድን አይደለም። ዋና የማይችል ልጅ አጠገብ እጁ የሚደርስ አዋቂ ሰው በውኃው ውስጥ ይኑር። ወጣቶችም «ማን ረጅም ጊዜ ይቆያል» ብለው በጥልቁ አየር እየሳቡ ትንፋሽ መያዝ አይጫወቱ፤ ጎበዝ ዋናተኛም ውኃ ውስጥ ሳያስበው ራሱን ይስታል።

በቡድን ወደ ሶደሬም ሆነ ወደ ሆቴል ገንዳ የሚሄዱ ቤተሰቦች የአስር ሰላት ሲደርስ አዋቂዎቹ ሁሉ ተሰልፈው ልጆቹ ውኃ ውስጥ የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ከተክቢራው በፊት ልጆቹ በሙሉ ይውጡና ይቆጠሩ። መውጣት የማይፈልጉ ካሉ በሁለት ጀመዓ ተከፍሎ መስገድ ይቻላል፤ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ስልኩን ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ ውኃውን ብቻ ይይ።