ሳሙናው ለምን አረፋ እምቢ ይላል?

በዝናብ ውሃ ልብስ ስናጥብ ሳሙናው ወዲያው አረፋ ያወጣል። በጉድጓድ ውሃ ግን ብንፈትገው ብንፈትገው እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። እዚህ ሐርጌሳ ከቦቴ ወይም ከአህያ ጋሪ ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሳሙናውም ውሃውም ገንዘብ ነው።

ውሃና ዘይት አይስማሙም። ሳሙና እንግዲህ ሁለቱን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ሞለኪዩሉ ረጅም ሆኖ አንዱ ጫፉ (ራሱ እንበለው) ውሃ ይወዳል፤ ጭራው ግን ከውሃ ሸሽቶ ቅባት ውስጥ ይገባል። ጭራዎቹ የልብሱን እድፍ ከበው ሲይዙ ራሶቹ ወደ ውጭ ይቀራሉ፤ ቅባቱም በትንንሽ ጠብታ ተከፋፍሎ ከውሃው ጋር ይሄዳል። እንዲህ ሁለት ጠባይ ያላቸው ነገሮች በኬሚስትሪ ሰርፋክታንት ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ጊዜ «እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» የተባለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የቫይረሱ ሽፋን ቅባት ስለሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል።

ታዲያ የጉድጓዱ ውሃ ምን ሆነ? ውሃ በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይሟሟበታል። እነዚህ ከሳሙናው ራስ ጋር ተጣብቀው በባልዲው ዙሪያ የምናየውን ነጭ ዝቃጭ ይሠራሉ። የመጀመሪያው ሳሙና የሚያልቀው በዚህ ነው፤ ማጠብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ የጨመርነው ነው! የዱቄት ሳሙና ራሱ የተሠራው ከሌላ ነገር (ከሰልፎኔት) ስለሆነ እንደዚያ ቶሎ አይዘቅጥም፤ ሶዳም ይጨመርበታል። ስለዚህ እንዲህ ላለው ውሃ ከደረቅ ሳሙና እሱ ይሻላል። ውሃውን ማፍላትም ጥቂት ይረዳል፣ የከሰሉን ወጪ ግን አስቡ።

ሰርፋክታንት ከፋብሪካ ብቻ አይመጣም። የሶማሌ እናቶች ፊትና ጸጉር የሚታጠቡበት ቀሲል ከቁርቁራ ወገን ከሆነ ዛፍ ቅጠል የሚዘጋጅ ነው፤ አረፋው ሳፖኒን ከሚባል ነገር ይመጣል። የአገር ቤቱ እንዶድም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ብልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና ነገሩን አጥብቀው ተመራመሩበት፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ ዓሣም ስለሚገድል ግን ወንዝ ውስጥ ዝም ብሎ የሚጨመር አይደለም።

መምህራን፣ የጉ ዝናብ ሲጥል ጥቂት ውሃ አጠራቅሙ። በአንድ ባዶ ሃይላንድ የዝናቡን፣ በሌላው እኩል የጉድጓድ ውሃ አድርጉ፤ በእያንዳንዱ እኩል የደረቅ ሳሙና ፍቅፋቂ ጨምሩና ተማሪዎች እኩል ጊዜ ይነቅንቁት። ከዚያ የአረፋውን ቁመት በማስመሪያ ይለኩ።