አንድ ምልክት፣ ሁለት ምክንያት

በተተከለ ሳንባ የሚተነፍስ ሰው፣ ሰውነቱ ባዕዱን አካል እንዳያጠቃ የመከላከል ኃይልን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ሳንባ ግን በየትንፋሹ ከውጭው አየር ጋር ይገናኛልና ተራ የጉንፋን ቫይረስ እንኳ ያሰጋዋል። ቫይረስ ሲገባ ሕዋሳት ኢንተርፌሮን ያመነጫሉ፤ በእርሱም ቅስቀሳ ሲኤክስሲኤል-10 የተባለው ፕሮቲን ቲ-ሕዋሳትን ወደ ሥፍራው ይጠራል። ተመራማሪዎች የፕሮቲኑን መጠን ሳንባው በጨው ውኃ ታጥቦ ከተቀዳው ፈሳሽ ይለካሉ።

ችግሩ፣ ሰውነት የተተከለውን ሳንባ ሲያጠቃም ይኸው ፕሮቲን መጨመሩ ነው። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ይህን ችግር እናውቀዋለን፤ በአንድ ኢኩዌሽን ሁለት የማይታወቁ መጠኖች አይገኙም። ስሕተቱም ቀላል አይደለም፦ ጥቃት ከሆነ መድኃኒቱ ይጠናከራል፤ ቫይረስ ከሆነ ግን ማጠናከሩ ለቫይረሱ በር መክፈት ነው። ስለዚህ የቫይረሱ ዘረ መል በፒሲአር ይፈለጋል፤ ከሳንባውም ቅንጣት ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቫይረሱ ራሱ ጥቃቱን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ግን፣ ሁለቱም መልሶች በአንድነት እውነት የሚሆኑበት ጊዜ አለ።