ክራር፣ ሌዘርና ፍልውሃ

ካዛንቺስ መንገድ ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ፊት በርጩማ ስቦ የተቀመጠ ሰው፣ ከሰሉ የሚያሞቀው ጀበናውን ብቻ እንዳልሆነ ጉልበቱ ይነግረዋል። በምድጃው ጎንና ሥር የሚያመልጠው ሙቀት የደንበኛውን ሱሪ ሲያሞቅ ይውላል። ወዲያ ማዶ ተራ የሚጠብቀው ሚኒባስም ቢሆን ቆጣቢ አይደለም፤ ከነዳጁ ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ በኩል ሙቀት ሆኖ ይበተናል።

ይህን ሙቀት ተርባይን ሳያስፈልግ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ እንደሚቻል ከታወቀ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1821 ቶማስ ሲቤክ ሁለት የተለያዩ ብረቶችን ገጥሞ አንደኛውን መጋጠሚያ ሲያሞቅ አጠገቡ ያለች የኮምፓስ መርፌ ዞረችበት። እሱ የማግኔት ጉዳይ መሰለው፤ ለካ መርፌዋን ያዞራት በብረቶቹ ውስጥ የሚሄድ ኤሌክትሪክ ኖሯል። በጋለው ጫፍ ያሉት ኤሌክትሮኖች እየተራወጡ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይገፋሉ፣ በዚያ ሲጠራቀሙ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ብዙ የዳቦ ቤት ምድጃዎች ሙቀታቸው የሚለካው በዚሁ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላኩት የቮዬጀር መንኮራኩሮችም ከፕሉቶኒየም ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

የሙቀት ልዩነት ጥቃቅን ነገሮችን እንዴት እንደሚነዳ ማሰላሰል ለከተማችንም እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የፊዚክስ ሊቅ ሙሉጌታ በቀለ ከመስፍን አስፋው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ አንዲት ደቃቅ ብናኝ በሞቃትና በቀዝቃዛ ቦታ መካከል ስትንገላታ እንዴት እንደ ሞተር ሥራ ልትሠራ እንደምትችል በስሌት ያሳየ ነው። በደርግ ዘመን በእስር ሳሉ አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ የነበሩት እኚህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር የአንድሬ ሳካሮቭን ሽልማት ተቀብለዋል።

ታዲያ ዘዴው ይህን ያህል ከታወቀ ከጀበናው ምድጃ ሥር ለምን አናየውም? ችግሩ ከሚሠራበት ቁስ ነው። ቁሱ ኤሌክትሪክን እያሳለፈ ሙቀትን መከልከል አለበት፤ አለዚያ ቀዝቃዛው ጫፍም ይሞቅና ልዩነቱ ይጠፋል። ብረት ሁለቱንም ያሳልፋል፣ ብርጭቆ ሁለቱንም ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎቹ ሂክስና ሚልድሬድ ድሬስልሃውስ አንድ ሐሳብ አመጡ፦ ቁሱን እጅግ አቅጥነን ብንሠራውስ? ኤሌክትሮኖቹ በጠባብ ቦታ ሲታሰሩ ጠባያቸው ይለወጣል። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ጋይምና ኖቮሴሎቭ ማንቸስተር ላይ ከግራፋይት፣ ማለትም ከእርሳስ ጥቁሩ ክፍል፣ በተራ ስኮች እየላጡ አንድ አቶም ብቻ ውፍረት ያለውን ግራፊን አወጡ። ቀጭኑ ቁስ በእጅ ገባ።

ሙቀት እንዴት እንደሚያልፍበት መለካቱ ግን ሌላ ጣጣ ነበር። የጉንዳንን ትኩሳት በሐኪም ቤት ቴርሞሜትር ለመለካት ያሰበ ሰው ይህ ይገባዋል፤ መለኪያው ራሱ ከሚለካው ነገር በብዙ ይገዝፋል፣ ሙቀቱንም ይጠጣዋል። ስለዚህ ቁሱን ሳይነኩ የሚለኩበት ነገር አስፈለገ። እሱም ብርሃን ሆነ።

እዚያው ካዛንቺስ አጠገብ፣ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን ባለቀለም መስታወት ያየ ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። መስታወቱን አልፎ ቀይ የሚሆነው ብርሃን መጀመሪያውኑ በፀሐይዋ ብርሃን ውስጥ የነበረ ቀይ ነው፤ መስታወቱ ሌላውን አስቀረ እንጂ አዲስ ቀለም አልፈጠረም። ህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ራማን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1928 ካልካታ ውስጥ ያገኘው ከዚህ ይለያል። አንድ ቀለም ብቻ ያለው ብርሃን ቁስ ላይ ሲያርፍ አብዛኛው እንደነበረ ይመለሳል፤ ከ10 ሚሊዮን ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) አንዷ ገደማ ግን ከጉልበቷ ላይ ጥቂት ለአቶሞቹ ንዝረት ሰጥታ፣ ቀለሟ ተለውጦ ትመለሳለች። የቀለሙ ለውጥ አቶሞቹ በምን ቅኝት እንደሚርገበገቡ ይናገራል።

«ቅኝት» ያልኩት ለማሳመር አይደለም። የብረት ክር ያለው ክራር ፀሐይ ላይ ሲውል ክሩ ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ያመሸ ሰው ተጫዋቹ በዘፈን መሐል ክሩን ሲያከርር ሳያይ አይቀርም። አቶሞችን የሚያያይዘው ትስስርም ሲሞቅ ይላላል፣ ንዝረቱም ይዘገያል። እንግዲህ ቅኝቱ ምን ያህል እንደወረደ ከብርሃኑ ያነበበ፣ ቁሱ ምን ያህል እንደሞቀ አወቀ ማለት ነው።

ተመራማሪው ባላንዲንና ባልደረቦቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ሥራ፣ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የግራፊን ቁራጭ በጠባብ ቦይ ላይ እንደ ድልድይ ዘረጉ፤ ሌዘሩን መሐሉ ላይ አነጣጠሩ። ያው ሌዘር ማሞቂያም ቴርሞሜትርም ሆነ። ጉልበቱ ሲጨመር መሐሉ ምን ያህል እንደሚሞቅ ካየን፣ ሙቀቱ ወደ ጠርዞቹ በምን ፍጥነት እንደሚያመልጥ ማስላት ይቻላል። ውጤቱ በሜትርና በኬልቪን 5000 ዋት ገደማ ነበር፤ መዳብ እንኳ 400 ብቻ ነው። ለኮምፒውተር ማቀዝቀዣ ደስ የሚል ዜና ነው። ሙቀትን አግዶ ኤሌክትሪክ ለሚፈልግ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መርዶ ነው።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ ሌሎች ቀጫጭን ቁሶች አዞሩ። ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ የሚባለው ለምሳሌ ስሙ ይክበድ እንጂ ለቂርቆስ ጋራዦች አዲስ አይደለም፤ ለመኪና መገጣጠሚያ የሚቀባው ጥቁር ግራሶ ውስጥ አለ። የሚያንሸራትተው ንጣፍ በንጣፍ ሆኖ ስለተሠራና ንጣፎቹ በቀላሉ ስለሚላቀቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በዚያው በራማን ዘዴ የተለካ አንድ ንጣፍ 34.5 አስመዘገበ፤ የግራፊንን መቶኛ እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ግን ብርሃን ሁሉን አይናገርም፤ ቮልቴጁን ለማወቅ ደቃቅ የወርቅ ሽቦ ገጥሞ መለካት የግድ ነው።

ታዲያ ፍልውሃስ? አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት፣ እቴጌ ጣይቱ የወደዱት ሙቅ ምንጭ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። ውሃው 75 ዲግሪ፣ አየሩ 20 ዲግሪ ነው ብለን እናስላ። ከዚህ ልዩነት የተፈጥሮ ሕግ የሚፈቅደው ቢበዛ 16 በመቶ ነው። በገበያ የሚገኘው ቢስመዝ ቴሉራይድ የተባለ ቁስ ደግሞ ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ፣ ማለትም 3 በመቶ ገደማ ያወጣል፤ ከ100 ዋት ሙቀት ለአንዲት ትንሽ አምፖል የሚሆን 3 ዋት መሆኑ ነው። ቀጫጭኖቹ ንጣፎች ከቤተ ሙከራ ወጥተው ይህን ቁጥር እስኪያሳድጉት ድረስ ፍልውሃ ገላ መታጠቢያነቱ ይበልጣል።