ስቲል 070 ወይስ 090? አሮጌውን የሞተር መጋዝ ለይቶ ማወቅና መልሶ ማደስ

በምሥራቅ አፍሪካ ግንድ እየተሰነጠቀ ጣውላ በሚወጣባቸው ስፍራዎች፣ ከሠራተኞቹ ዕድሜ የማይተናነሱ የሞተር መጋዞች ዛሬም ሲያጓሩ ይሰማሉ። የጀርመኑ ኩባንያ ስቲል 070 እና 090 በሚል ቁጥር የሠራቸው ሁለት ትልልቅ መጋዞች ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ።

ሁለቱ መጋዞች ከውጭ ሲታዩ መንትያ ይመስላሉ። የአንዱ ሽፋን በሌላው ላይ ይገጠማል፤ ብዙ ክፍሎቻቸውም ይወራረሳሉ። ችግሩ የሚጀምረው ሞተሩ ተፈትቶ መለዋወጫ ሲታዘዝ ነው። በስህተት የተገዛ ፒስተን የገዢውን ገንዘብና የሥራ ቀን ይበላል። በግዴለሽነት የታደሰ መጋዝ ደግሞ አካል ሊያጎድል ይችላል።

ከየት መጡ?

አንድሪያስ ስቲል በ1926 በሽቱትጋርት ከተማ የሠራው የመጀመሪያ ሰንሰለታማ መጋዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ 48 ኪሎ ግራም የሚመዝንና ሁለት ሰው የሚይዘው ነበር። በ1959 ኩባንያው ‹ኮንትራ› የተባለውን መጋዝ ለገበያ አቀረበ። ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም፣ ጉልበቱ 6 የፈረስ ጉልበት ነበር። ሰንሰለቱን የሚያዞረው በመካከል ማርሽ ሳይኖር በቀጥታ ከሞተሩ በመሆኑ፣ አንድ ሰው ብቻውን ትልቅ ዛፍ በፍጥነት መቁረጥ ቻለ። 070 እና 090 የዚህ ንድፍ ወራሾች ናቸው።

ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ዋናው ልዩነት በሲሊንደሩ ስፋት ላይ ነው። የ070 ሲሊንደር የውስጥ ዲያሜትር 58 ሚሊ ሜትር፣ የ090 ደግሞ 66 ሚሊ ሜትር ነው። ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚጓዘው ርቀት ግን በሁለቱም 40 ሚሊ ሜትር ነው። በመሆኑም የመጀመሪያው ወደ 106፣ ሁለተኛው ወደ 137 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይይዛል። የ8 ሚሊ ሜትር ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ የሞተሩን ይዘት በሦስት አሥረኛ ገደማ ያሳድገዋል።

ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚመጡት ፊደላትም ትርጉም አላቸው። ‹ኤቪ› የሚለው፣ እጀታው ንዝረትን በሚቀንስ ጎማ የተያዘ መሆኑን ያሳያል። 090 ‹ጂ› ደግሞ የሰንሰለቱን ፍጥነት ቀንሶ ጉልበቱን የሚጨምር ማርሽ የተገጠመለት ነው። የእሳት አሰጣጡም ይለያያል፦ ቀደምቶቹ ጋራዦች ‹ፑንቲና› በሚሉት ተከፋች ነጥብ ሲሠሩ፣ የኋለኞቹ ኤሌክትሮኒክ ናቸው።

ስያሜው ሲያሳስት

ከብዙ እጅ ያለፈ መጋዝ ከሦስትና ከአራት ማሽን የተሰበሰበ ሊሆን ስለሚችል፣ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስቲል በክፍሎቹ ላይ የሚያትመው መለያ የሚጀምረው የመጋዙን ቤተሰብ በሚያመለክቱ አራት አሃዞች ነው። የ070 እና የ090 ቤተሰብ 1106 ነው። ይህ ግን ቤተሰቡን እንጂ ልጁን አይናገርም። ቁርጡ የሚታወቀው ሲሊንደሩ ተነሥቶ በካሊፐር ሲለካ ብቻ ነው።

ትምህርቱ ለሌሎች መጋዞችም ይሠራል። የዚሁ ኩባንያ 044 ሲሊንደር 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሆኖም ፒስተኑን ከቢዬላው ጋር የሚያያይዘው ፒን በቀደምቶቹ 10፣ በኋለኞቹ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ሲሊንደሩን ብቻ ለክቶ ፒስተን የገዛ ሰው ፒኑ አልገባ ሲል ይደነግጣል። የስዊድኑ ሁስክቫርና 372 ኤክስፒም እንዲሁ ነው። ‹ኤክስ ቶርክ› የተባለው የኋለኛው ዓይነት የሚቃጠለውን ነዳጅ ለመቆጠብ የተለየ የአየር መተላለፊያ ስላለው፣ የአንዱ ፒስተን ለሌላው ሲሊንደር አይሆንም። ስለዚህ መለዋወጫ ከመታዘዙ በፊት የሲሊንደሩም የፒኑም ልክ መወሰድ አለበት፤ የፒስተኑም ቅርጽ ከአሮጌው ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

ለምን ተበላሸ?

የተቃጠለን ፒስተን በአዲስ ተክቶ ምክንያቱን አለመፈለግ፣ አዲሱንም ለዚያው ዕጣ ማቆየት ነው። ጭረቱ ያረፈበት ቦታ ብዙ ይናገራል። በጭስ መውጫው በኩል ከሆነ ብዙ ጊዜ ሞተሩ በቂ ዘይት ወይም ነዳጅ ሳያገኝ ግሏል ማለት ነው። በነዳጅ መግቢያው በኩል ከሆነ ደግሞ በተቀደደ ወይም በላላ የአየር ማጣሪያ በኩል አቧራ ገብቷል ተብሎ ይጠረጠራል።

የእነዚህ ሞተሮች የታችኛው ክፍል ቤንዚንና አየሩን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ጭምር ነው። በአሮጌ ፓራኦሊዮ ወይም በተቀደደ ጋርኒሲዮን በኩል ትርፍ አየር ከገባ፣ ድብልቁ ይሳሳል። ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይት ስለሚቀንስ ሞተሩ ይግላል፤ ፒስተኑም ይነክሳል። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ መግቢያና መውጫውን ዘግቶ አነስተኛ የአየር ግፊት ይሰጠዋል፤ ግፊቱ ከወረደ በሳሙና ውኃ ቀዳዳውን ይፈልጋል። ቀጥሎም አየሩን በመሳብ ፓራኦሊዮዎቹን ከሌላው አቅጣጫ ይፈትሻል።

መልሶ መግጠም

የሲሊንደሩ ውስጠኛ ሽፋን ካልተላጠ፣ ከፒስተኑ ተገርፎ የተጣበቀው አሉሚኒየም በጥንቃቄ ሊነሣ ይችላል። ሽፋኑ ከተላጠ ግን መቀየር እንጂ ማስተካከል አያዋጣም። ኩሽኔታዎቹ በእጅ ሲዞሩ የሚንኮሻኮሹ ከሆነ ይቀየራሉ። ፓራኦሊዮዎች፣ ጋርኒሲዮኖችና የፒኑ መያዣ ቀለበቶች ምንም ደህና ቢመስሉ በአዲስ ይተካሉ። ከቦታው የተፈናጠረ አንዲት ቀለበት አዲሱን ሲሊንደር በቅጽበት ልታበላሸው ትችላለች።

የፋሻዎቹ ክፍተት ፒስተኑ ላይ ካሉት ትንንሽ መቆሚያዎች ጋር መገጣጠም አለበት። ፒስተኑ ላይ ቀስት ካለ ወደ ጭስ መውጫው ይዞራል። የካርቡራቶሩ ስስ ጎማ ደርቆ ከሆነ ይቀየራል፤ የደረቀ ጎማ ቤንዚን በልኩ ስለማያሳልፍ አዲሱንም ሞተር ያሳስታል። ዘይቱን በተመለከተ፣ ኩባንያው ለራሱ የባለ ሁለት ምት ዘይት 1 ለ50፣ ለሌሎች የባለ ሁለት ምት ዘይቶች 1 ለ25 እንዲደባለቅ ይመክራል። ይህም በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ወይም 40 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

በገበያ የ070ን መልክ የያዙ ማሽኖችና ርካሽ መለዋወጫዎች ይዘዋወራሉ። ሁሉም መጥፎ ናቸው ማለት ባይቻልም፣ ከመገጠማቸው በፊት መለካት፣ የቀዳዳዎቻቸውን ጠርዝ መፈተሽና ከአሮጌው ክፍል ጋር ማስተያየት ግድ ነው። ያገለገለ ኦሪጅናል ሲሊንደር ሽፋኑ ደህና ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከአዲስ ቅጂ ይመረጣል።

እድሳት የማይመልሰው

እነዚህ መጋዞች የተነደፉት የዛሬው የደኅንነት ሥርዓት ከመስፋፋቱ በፊት ነው። በአብዛኞቹ ላይ የሰንሰለት ፍሬን የለም። የመጋዙ ምላስ ጫፍ ግንዱን በላይኛው ክፍሉ ሲነካ ማሽኑ በቅጽበት ወደ ሠራተኛው ፊት ይፈናጠራል፤ ዘመናዊው መጋዝ በዚያች ቅጽበት ሰንሰለቱን ያቆማል፣ አሮጌው ግን መዞሩን ይቀጥላል። የ‹ኤቪ› እጀታ የሌላቸው ደግሞ ለዓመታት በያዛቸው እጅ ላይ የደም ሥርና የነርቭ ጉዳት ሊያደርሱ ይችላሉ። ጣት በብርድ ጊዜ መንጣቱና መደንዘዙ የዚህ የመጀመሪያ ምልክት ነው።

ስለዚህ የታደሰ 070 ወይም 090 ይበልጥ የሚስማማው መሬት ላይ የተጋደመ ግንድ ለመሰንጠቅ ነው። ያም ሆኖ የራስ ቁር፣ የዓይንና የጆሮ መከላከያ እንዲሁም እግርን ከሰንሰለት የሚከላከል ሱሪ አይቀሬ ናቸው። ሞተሩን በልኩ አድሶ ለባለቤቱ የሚያስረክብ ባለሙያ፣ ፍሬን እንደሌለው አብሮ ቢነግረው ሥራውን ሙሉ አደረገ ይባላል።