እግርን መርምሮ ማጠብ

ከሰውነታችን ክፍል ሁሉ ከባዱን ሸክም ተሸክሞ ጥቂቱን ክብር የሚያገኘው እግር ነው፡፡ ፊታችንን በየማለዳው በመስተዋት እንመለከታለን፤ ጥርሳችን ያመመን እንደ ሆነ ሌሊቱን አንተኛም፤ እግራችንን ግን እንቅፋት ካልመታው ወይም እሾህ ካልወጋው በቀር አናስታውሰውም፡፡ ስለዚህ የእግር ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ሥር ከሰደደ በኋላ ነው፡፡ አሁን የምንናገረውም ሥር ስለ ሰደደው ስለዚህ ሕመምና እርሱን ለይተው የሚያክሙ የጤና ሠራተኞችን ስለ ማሠልጠን ነው፡፡

ጉዳዩ ለሐዋሳ ሕዝብ የሩቅ ወሬ አይደለም፡፡ ከተማዪቱ በስምጥ ሸለቆ በሐይቅ ዳር ብትቀመጥም ኑሮዋ ከደጋው ጋር የተሳሰረ ነው፡፡ ከሁላና ከበንሳ፣ በምዕራብም ከወላይታ ምድር ነጋዴው ለገበያ፣ ሕመምተኛውም ለሕክምና ወደ እርሷ ይመጣል፡፡ በሐምሌና በታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል የሚሰበሰበውም ምእመን ከየአገሩ ነው፡፡ በዚያ ቀን ጫማውን አውልቆ የሚቆመውን ሕዝብ እግር ብናስተውል የገበሬውን ድካም፣ የድኻውንም ችግር እናነብበታለን፡፡ ከሁሉ ይልቅ ሊያሳዝነን የሚገባው ግን ጫማ ማውለቅን አፍሮ ከቤቱ የቀረው ሰው ነው፡፡

እግርን ለረጅም ዘመን ከሚያሠቃዩት ደዌዎች ሦስቱን እናንሣ፡፡ የመጀመሪያው ሕዝቡ ዝሆኔ የሚለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት የእግር እብጠት ነው፡፡ ይህ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው፡፡ ደቃቁ የአፈር ብናኝ በቆዳ ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣል፤ ኋላም ይደፍናቸዋል፡፡ ነገሩን በኢትዮጵያ ሲሠራ ያጠናው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እግርና ትቢያ ከሚሉ የግሪክ ቃላት አውጥቶ ስሙን ሰጠው፡፡ ተመራማሪዎች እንደ ገመቱት በአገራችን በዚህ ደዌ የተያዙት ጎልማሶች 1.5 ሚሊዮን ያህል ናቸው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትም ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች መካከል የቈጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. ነው፡፡

ሁለተኛው ሥጋ ደዌ ነው፡፡ ይህ በተሕዋስ የሚመጣ፣ ዛሬም በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው፡፡ ዘግይቶ የታከመ እንደ ሆነ ግን ነርቭን ጐድቶ እግርን ያደነዝዛል፡፡ በሕንድ አገር ብዙ ዘመን የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ፖል ብራንድ እንዳስረዳው፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ጣቱን የሚያጣው በሽታው ሥጋውን ስለሚበላው ሳይሆን፣ ሕመም ስለማይሰማው በቆሰለ እግሩ እየሄደ ስለሚጐዳው ነው፡፡

ሦስተኛው ከስኳር በሽታ የሚመጣው የእግር ቁስል ነው፡፡ ስኳሩ ያልተገታለት ሰው ከጊዜ በኋላ የእግሩ ነርቭ ይደነዝዛል፤ የደሙም ዝውውር ይደክማል፡፡ ጠጠር በጫማው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢውል አያውቀውም፡፡ ትንሹ ቁስል ሳይታይ ሰንብቶ ይመረቅዛል፤ መጨረሻውም እግርን እስከ መቁረጥ ይደርሳል፡፡

እንግዲህ የሥልጠናው አስፈላጊነት ከዚህ ላይ ይገለጣል፡፡ ሦስቱም ሕመሞች ከእግር ላይ ቢታዩም አያያዛቸው አንድ አይደለም፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ይጐዳል፡፡ የዝሆኔ ሕመምተኛ እግሩን በውኃ መዘፍዘፉ ይጠቅመዋል፤ በስኳር የደነዘዘ እግር ግን መዘፍዘፉ ቆዳውን አልፍስፍሶ ለቁስል ያዘጋጀዋል፤ ውኃው የፈላ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ሳይሰማው ይቃጠላል፡፡ ስለዚህ መርምሮ መለየት ከማጠብ ይቀድማል፡፡

የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ የመጀመሪያ ትምህርት ዝቅ ማለት ነው፡፡ «እማማ፣ ጫማዎንና ካልሲዎን ያውልቁልኝ፤ ሁለቱንም እግርዎን ልይ» ብሎ በትሕትና ይጠይቃል፡፡ ከዚያ በኋላ ጣት ከጣት፣ ውስጥ እግሩንና ተረከዙን አገላብጦ ያያል፡፡ እብጠቱ ከወዴት ጀመረ? ብሎ ይጠይቃል፡፡ ከአፈር የመጣው ዝሆኔ ከእግር ጣቶችና ከእግር ጀርባ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከጉልበት አያልፍም፡፡ በቢምቢ ንክሻ የሚተላለፈው ሌላው ዝሆኔ ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ፣ ከብሽሽት በኩል ይጀምራል፡፡ ቀጥሎም የሕመምተኛውን ዓይን አስጨፍኖ 10 ግራም ብቻ በሚጫን ቀጭን የናይለን ክር ውስጥ እግሩን ነካ ነካ እያደረገ፣ «ተሰማዎት?» ይላል፡፡ በፖዶኮኒዮሲስ የታመመ ሰው ይሰማዋል፤ ሥጋ ደዌ ወይም ስኳር ያደነዘዘው ግን ዝም ይላል፡፡ በመጨረሻም የደሙን ትርታ በእግሩ ጀርባና በቁርጭምጭሚቱ አጠገብ በጣቱ ይዳስሳል፤ የእብጠቱንም ዙሪያ በሜትር ለክቶ ይጽፋል፡፡ ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ መሣሪያ አያሻውም፤ የሚያሻው ያወቀ እጅና የማይጸየፍ ልብ ነው፡፡

ይህን ማስተማር እንደሚቻል በአገራችን ተፈትኗል፡፡ በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው አለርት ከኢትዮጵያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለመጡ ሠራተኞች የሥጋ ደዌን ሕክምና አስተምሯል፡፡ በወላይታ አሜሪካዊው ሐኪም ናታን ባርሎው የመሠረተው ማኅበር ሕመምተኞችን ራሳቸውን አሠልጥኖ፣ ሌላውን እንዲያክሙና ጫማ እንዲሰፉ አድርጓል፡፡ በአማራ ክልል በአዊ ዞንም ፖዶኮኒዮሲስን፣ በቢምቢ የሚመጣውን ዝሆኔና ሥጋ ደዌን በአንድነት ማከም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ተሞክሯል፤ ሠልጣኞቹም ከእግሩ ጋር የሕመምተኛውን ኀዘንና መገለል እንዲያዩ ተምረዋል፡፡ የቤተ ክርስቲያናችን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም በዚህ ሥራ ተካፋይ ሆኗል፡፡

ፍሬውስ ምንድር ነው? ቢባል፣ በምሥራቅ ጎጃም 696 የፖዶኮኒዮሲስ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ታትሟል፡፡ እግርን በሳሙና መታጠብን፣ ቅባትን፣ ፋሻን፣ የእግር እንቅስቃሴን፣ ካልሲና ጫማን የተማሩትና ያገኙት ሰዎች፣ እግሩ እየጋለ ከትኩሳት ጋር የሚነሣው ሕመም ካላገኙት ይልቅ ቀንሶላቸዋል፡፡ ያ ሕመም በተነሣ ቊጥር ገበሬው ለብዙ ቀን ከአልጋ ስለሚውል፣ የቀነሰው ሕመም የታረሰ ማሳ ማለት ነው፡፡ በወላይታ የተደረገ ሌላ ጥናትም ደዌው በዚያ ዞን ብቻ በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ኪሳራ እንደሚያደርስ ገምቷል፡፡

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፡፡ «ዝሆኔ በዘር ይወርዳል» እየተባለ ስንት ጋብቻ ቀርቷል! ስንቲቱስ ልጅ በእናቷ እግር ምክንያት ከዳስ ውጭ ቆማለች! እውነቱ እንዲህ ነው፤ በወላይታ ሕመምተኞች ላይ የተደረገና በ2012 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ ምርምር፣ ለዚህ ደዌ በቀላሉ መጋለጥ በዘር ሊወረስ እንደሚችል አሳይቷል፡፡ ነገር ግን የሚወረሰው ተጋላጭነት እንጂ ደዌው አይደለም፡፡ እግሩ ከአፈሩ ካልተገናኘ ደዌው አይመጣም፡፡ ከታመመው ወደ ጤነኛውም አይተላለፍም፡፡ ስለዚህ አያቱ የታመመበት ሕፃን ከልጅነቱ ጫማ ቢደረግለት፣ እግሩም ማታ ማታ ቢታጠብ፣ የቤተሰቡ ዕዳ በእርሱ ላይ ይቋረጣል፡፡ እኛ መምህራን በባዶ እግሩ የሚመጣውን ተማሪ ስናይ ጉዳዩ የደንብ ልብስ ብቻ እንዳይመስለን፡፡

በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲመጡ የቤቱ እናት የታመመውን ከጓዳ አትሰውርባቸው፡፡ የጤና ሠራተኛው ፖዶኮኒዮሲስ ነው ያለው እግር ንጹሕ ውኃና ሳሙና፣ በጣቶቹ መካከል በደንብ መድረቅ፣ ቅባትና ድፍን ጫማ ይሻል፤ ሲቀመጡም ከፍ ብሎ ይደገፍ፡፡ ወደ ውኃው የሚጨመረውን ማጽጃ የሚለካው የሠለጠነው ሰው ነውና በግምት በረኪና አይጨመር፡፡ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤት ደግሞ በየማታው እግሩን ይይለት፤ የሚታጠብበትን ውኃ ሙቀት ሌላ ሰው በክርኑ ይለካለት፤ የደደረውንም ቆዳ በምላጭ አይቁረጡለት፡፡ ቁስል የታየ እንደ ሆነ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፡፡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ጫማውን ካወለቀ በኋላ ንጹሕ ካልሲ እንዳደረገ ይቁም፤ የጋለው ድንጋይና ጠጠሩ ሳይሰማው ያቆስለዋልና፡፡ ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን መድኃኒቱን አያቋርጥ፡፡

በጸሎተ ሐሙስ ካህናት ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ በአክብሮት እንመለከታለን፡፡ በዚያ ሥርዓት ጌታ ያስተማረው ለሌላው ዝቅ ማለትን ነው፡፡ እንግዲህ ያበጠውን፣ የሚሸተውን፣ የደነዘዘውን እግር በእጁ የሚይዝ የጤና ሠራተኛ በየጤና ጣቢያው እንዲበዛ ልጆቻችን ለዚህ ሙያ እንዲማሩ እናበርታ፤ ለሠለጠነውም ሰው ክብር እንስጥ፡፡ እርሱ በወር አንድ ጊዜ ቢመጣ የቀረው ቀን የእኛ ነው፡፡ አንባብያን ሆይ፣ ዛሬ ማታ ከራት በኋላ የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን እግር በመብራት አቅርባችሁ እዩ፡፡