አቮካዶም እንደ ክትባት ነው

አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም። ዛፉ ላይ ይደርሳል፤ የሚበስለው ግን ከተቀጠፈ በኋላ ነው። አውሮፓ ውስጥ በክረምትም በበጋም ከመደርደሪያ የማይጠፋው በዚህ ጠባዩ ነው። ፔሩ ወይም ኬንያ ውስጥ ጠንካራ ሆኖ ይቀጠፋል፣ መርከብ ላይ ይጫናል፣ ሦስትና አራት ሳምንት ባሕር ላይ ይቆይና እንደጠነከረ ኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ወደብ ላይ ይራገፋል።

የእህቴ ልጅ የምትሠራው እዚያ ወደብ አቅራቢያ፣ ከውጭ የሚገባውን አቮካዶ ተቀብሎ የሚያበስል መጋዘን ውስጥ ነው። ልጠይቃት ሄጄ በከረምኩበት ጊዜ ማታ ማታ ስለ ሥራዋ ታጫውተኝ ነበር። ነገሩ አዲስ አልሆነብኝም። ጤና ጣቢያ ውስጥ ለዓመታት የክትባት ማቀዝቀዣ ስጠብቅ የኖርኩ ነርስ ነኝና፣ እሷ «ኮልድ ቼይን» ስትል እኔ የማስበው የበረዶ ሣጥኔን ነው።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ሙቀት እንደሚያበላሸው ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ብርድም እንደሚጎዳው ነው። የቴታነስ ክትባት አንዴ በረዶ ከሆነ ይጣላል። ከውጭ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም፤ ብልቃጡን ነቅንቀን ዝቃጩ እንዴት እንደሚወርድ አይተን ነው የምንለየው። ሐስ የሚባለው አቮካዶም በመርከብ የሚጓዘው 5 ወይም 6 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ከሞቀ መንገድ ላይ ይበስላል። ከመጠን በላይ ከቀዘቀዘ ደግሞ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ግራጫ ይሆናል፣ እንደ ክር የቀጠኑ ጥቁር ሥሮችም ይታዩበታል። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው አየርም ኦክስጅኑ እንዲያንስ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከፍ እንዲል ይደረጋል። ፍሬው ከተቀጠፈም በኋላ ይተነፍሳል፤ ትንፋሹ ሲዘገይ መብሰሉም ይዘገያል።

«አስተኝታችሁ ነዋ የምታመጡት» ብላት፣ «አዎ አክስቴ፣ የምንቀሰቅሰው እኛ ነን» አለችኝ።

የሚቀሰቅሱት 18 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ውስጥ አስገብተው ኤትሊን የሚባል ጋዝ በመልቀቅ ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ፍሬው ራሱ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ነው። እናቶቻችን ጥሬውን አቮካዶ ጤፍ ውስጥ ሲቀብሩ የሚያደርጉትም ይኸንኑ ነው፦ ጋዙ እንዳይበተን ማፈን። መጋዘኑ ውስጥ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጥንካሬው ይለካና «ለመብላት የደረሰ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ወደ ሱቅ ይሄዳል። እዚያ በኪሎ ሳይሆን በፍሬ ነው የሚሸጠው፤ ለዛሬ ራት የሚሆነውን መርጠው ይገዛሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ግን አንድ ነገር ማቃናት አይችልም፤ ሳይደርስ የተቀጠፈን ፍሬ። እሱ ክፍል ውስጥ ቢሰነብትም እንደ ጎማ ይለመጣል፣ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ሲበሉት ውኃ ውኃ ይላል። ሐስ ሲበስል ቆዳው ስለሚጠቁር ቀለሙን አይቶ መፍረድ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ያልደረሰውም ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ ፍሬው እየደረሰ ሲሄድ ውኃው እንደሚቀንስና ቅባቱ እንደሚጨምር ስለሚታወቅ፣ የሚታመነው ሚዛን ነው። ከየጭነቱ ጥቂት ፍሬ ይወሰድና ሥጋው ተከትፎ ይመዘናል፤ ውኃው እስኪያልቅ ደርቆ እንደገና ይመዘናል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሐስ የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 21 በመቶ ነው። 100 ግራም ከከተፋችሁ ቢያንስ 21 ግራም ደረቅ ነገር መቅረት አለበት ማለት ነው። ከዚህ በላይ የሚጠይቁ ገዢዎችም አሉ።

ታዲያ ለምን ሳይደርስ ይቀጠፋል? ወቅቱ ሲጀምር ገበያው ላይ ፍሬ ስለሚያንስ ዋጋው ጥሩ ነው። ሰብሳቢው ቀድሞ ደጅ ይመጣል፤ ገበሬውም የልጆች የትምህርት ቤት ወጪ አለበት። በገበሬው ብቻ መፍረድ አልወድም። ጉዳቱ ዞሮ የሚያርፈው ግን እሱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ፍሬው የሚላከው በኮሚሽን ነው፤ እዚያ ከተሸጠው ላይ የመርከቡ፣ የመጋዘኑና የተጣለው ሁሉ ተቀናንሶ የተረፈው ነው ወደ ላኪው የሚመለሰው። የእህቴ ልጅ ግማሹ አልበስል ብሎ የተጣለ ጭነት አይታለች። ከዚያ በኋላ ገዢው ያንን ላኪ አልጠራውም። ኬንያ ይህንን ስለምታውቅ ባለሥልጣኖቿ ፍሬው ባልደረሰበት ወቅት በባሕር የሚላከውን አቮካዶ ለተወሰነ ጊዜ ያግዳሉ።

ይህን የምጽፈው እኛም እዚያው ገበያ ውስጥ ስለገባን ነው። በሲዳማና በጎጃም የቆጋ መስኖ አካባቢ ሐስ ተተክሏል፤ በጅቡቲ በኩልም ወደ አውሮፓ ይላካል። መንገዱ ራሱ ፈተና አለው። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲጠቁ ብዙዎቹ ደቡብ አፍሪካን ዞረው ለመሄድ ተገደዱ፤ ይህም ጉዞውን በሳምንታት አራዘመው። ሳይደርስ የተቀጠፈው ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት። በዚህ ረገድ የይርጋለም ዘይት ጨማቂዎችም ጉዳይ ያው ነው፤ ካልደረሰ ፍሬ ዘይት አይገኝም።

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ ጥሬውን አቮካዶ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡ፤ መብሰሉን ታዘገዩበታላችሁ፣ ውስጡም ሊበላሽ ይችላል። ይህን ጋዜጣ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ጋር ጠቅልሉት፤ የሙዙ ጋዝ ያግዘዋል። መብሰሉን ለማወቅ አንገቱ አካባቢ በቀስታ ጫን አድርጉ፤ ሆዱን ከጨመቃችሁት ለሚቀጥለው ገዢ ጠባሳ ትተዋላችሁ። የበሰለውን ግን ለሁለት ሦስት ቀን ፍሪጅ ይይዝላችኋል። በሳምንቱ የማይለሰልስ፣ እየተጨማደደ የሚሄድ ከሆነ ሳይደርስ የተቀጠፈ ነው፤ ጭማቂ ቤት በስኳር ሊሸፍነው ይችላል፣ 6 ወር ሞልቶት ምግብ ለጀመረ ሕፃን ግን አይሆንም።

ደግሞ ከመቁረጣችሁ በፊት ቆዳውን በንጹሕ ውኃ እጠቡት። አንበላውም ብለን እንተወዋለን እንጂ ቢላዋው ላዩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ይዞ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ፖታሲየሙ ብዙ ስለሆነ ምን ያህል መብላት እንደምትችሉ ሐኪማችሁን ጠይቁ።