ምጣዱ ስንት ዋት ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤት እንጀራ ስንጋግር የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ “እማማ፣ ይሄ ገመድ ለምንድን ነው የሚሞቀው?” አለችኝ። በእጄ ጀርባ ዳሰስ አደረግሁት (መንካቴም ልክ አልነበረም)። ትኩሳት የያዘው ልጅ ግንባር ይመስል ነበር። ምጣዱ የተሰካው በማከፋፈያ ነው፤ እዚያው ማከፋፈያ ላይ የሻይ ውኃ ማፍያውና ፍሪጁም ተሰክተዋል። ወዲያው ከግድግዳው አጠፋሁት። ሊጡ ኩፍ ብሎ ስለነበር ልጄ ቅር አላት።

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ቃጠሎ አይቻለሁ። ከማልረሳቸው አንዱ ላስቲኩ የቀለጠ የማከፋፈያ ገመድ የጨበጠ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። መዳፉ ላይ የነበረችው ቁስል ከሽምብራ አትበልጥም፤ እናቱም “ቀላል ናት” ብላ በማግስቱ ነበር ያመጣችው። የኤሌክትሪክ ቃጠሎ ግን ከላይ ትንሽ መስሎ ከውስጥ ሥጋና ነርቭ ይጎዳል፣ የልብ ምትም ሊያዛባ ይችላል። ልጁ ሁለት ጣቶቹን አጣ።

ስለዚህ የልጅ ልጄን ጥያቄ በዋዛ አላለፍኩትም። ምጣዱ ከቀዘቀዘ በኋላ ጎኑ ላይ የተለጠፈችውን ጽሑፍ አብረን አነበብን፤ 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ትላለች። አንድ ሺህ ዋት አንድ ኪሎዋት ስለሆነ ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ነው ማለት ነው። ዋት ዕቃው በአንድ ጊዜ ምን ያህል ኃይል እንደሚስብ ይነግረናል። ዋቱን ለ220 ስናካፍለው ደግሞ በገመዱ ውስጥ የሚያልፈውን አምፔር እናገኛለን። ለምጣዱ ብቻ 16 ገደማ መጣ። ውኃ ማፍያው 2000 ዋት፣ ፍሪጁ 150 ዋት፤ ሲደመር 5650 ዋት፣ ወደ 26 አምፔር። ማከፋፈያው ጀርባ ላይ የታተመው ግን 10 አምፔር ነው! በገመድ የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ላስቲኩ የሚቀልጠውም ለዚህ ነው።

“ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልጣለም?” አለች ልጄ። ብዙዎቻችን የምንታለለው እዚህ ላይ ነው። የቤቱ ብሬከር 32 አምፔር ከሆነ 26ቱን ዝም ብሎ ያሳልፋል። እሱ የተገጠመው የግድግዳውን ሽቦ እንዲጠብቅ እንጂ ከሱቅ ገዝተን ለምናመጣው ማከፋፈያ አይደለም።

ሌላው የሚያምታታን ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓት ነው። ኪሎዋት ከቧንቧው የሚወርደው ውኃ ፍጥነት ነው ብትሉ፣ ኪሎዋት ሰዓት ጄሪካኑ ውስጥ የተጠራቀመው ነው። ቆጣሪው የሚያስከፍለን የተጠራቀመውን ነው። ይህ ምጣድ ሳይቋረጥ ሁለት ሰዓት ከሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። የ9 ዋት አምፖል በየምሽቱ አምስት ሰዓት ቢበራ ያንን ያህል ለመጨረስ አምስት ወር ይፈጅበታል። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት “አምፖሉን አጥፉ!” ስል ኖርኩ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ይኸው ነገር መኪና ላይም መጥቷል። ሻጩ “100 ኪሎዋት” ካላችሁ የሞተሩን ጉልበት ነው፤ በድሮው አጠራር 136 የፈረስ ጉልበት ያህል። “60 ኪሎዋት ሰዓት” ካላችሁ ደግሞ ባትሪው የሚይዘውን ነው። በ2 ኪሎዋት ቻርጀር ከቤት ሶኬት ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ቢያንስ 30 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሶኬቱም ሌሊቱን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይሠራል። እባካችሁ ይህንንም በማከፋፈያ አታድርጉት።

ገመድ ከሞቀ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ ወይም ሶኬቱ ከጠቆረ መጀመሪያ ከብሬከሩ አጥፉ። ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው መብራቱ ሳይጠፋ አትንኩት። የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ አብርዱ፤ ሊጥ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ። ቁስሉ የቱንም ያህል ቢያንስ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ልጄ ሰኞ ዕለት የኤሌክትሪክ ባለሙያ አስመጥታ ለምጣዱ ብቻ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር አስገጠመች። የልጅ ልጄ ግን ሥራ አግኝታለች፤ ዕቃውን ሁሉ ከሶኬት እያስነቀለች ጀርባውን ታነባለች። ትናንት ስልክ ደውላ “እማማ፣ የእማዬ ፀጉር ማድረቂያ 1800 ነው፤ ከካውያው ጋር አንድ ላይ እንዳትሰካው ንገሪያት” አለችኝ።